የቢግል ዳኛ በኮምፒዩተር ውስጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 20

ለራሴ የምሠራት አነስተኛ የውሻ ማራቢያ ጨዋታ የማራባቱ ክፍሏ ከሞላ ጎደል ተጠናቋል፤ ተጫዋቹ ወንድና ሴት መርጦ ያጣምራል፣ ቡችሎቹ የወላጆቻቸውን ጂን ይወርሳሉ፣ አድገውም ለውድድር ይቀርባሉ። የቀረኝ ውሻው ለውድድር የሚበቃ መሆን አለመሆኑን የሚፈርደው ዳኛ ነው። ይህ ክፍል እንደ ጌጥ በመጨረሻ የሚለጠፍ ነገር አይደለም፤ ተጫዋቹ የሚያራባው ዳኛው የሚሸልመውን ስለሆነ፣ የዳኛውን መለኪያ የሚጽፍ ሰው ከጥቂት ትውልድ በኋላ ዝርያው ምን እንደሚመስል እየወሰነ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ውሳኔ ከነምክንያቱ እዚህ እጽፋለሁ።

የቆዩት ጨዋታዎች በዚህ ረገድ ብዙ አይረዱም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የኒንቴንዶ ኩባንያ የውሻ ጨዋታ፣ ኒንቴንዶግስ፣ ሦስት ውድድሮች ነበሩት፤ ዲስክ መቅለብ፣ መሰናክል ማለፍና ትእዛዝ መፈጸም። ሦስቱም የሚለኩት ውሻው የሚያደርገውን እንጂ የአካሉን አቋም አይደለም፤ በዚያ ላይ ማራባት የሚባል ነገር ጨዋታው ውስጥ አልነበረም። እኔ የምፈልገው የአካል አቋም ዳኝነት ስለሆነ ወደ እውነተኛው የውድድር ሜዳ መሄድ ግድ ሆነ።

መስከረም 22

ዝርያው ቢግል የሚባለው አነስተኛ አዳኝ ውሻ እንዲሆን ወሰንኩ። ምክንያቱ ፍቅር አይደለም፤ የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ኬነል ክለብ የቢግል መስፈርት እስከ ዛሬ የነጥብ ድልድል ይዞ መቆየቱ ነው። የብዙ ዝርያዎች መስፈርት አካሉን በቃል ይገልጽና ሚዛኑን ለዳኛው ይተወዋል። የቢግል መስፈርት ግን መቶውን ነጥብ ለአካል ክፍሎች አከፋፍሎ አስቀምጧል፤ ለጭንቅላት 25፣ ለገላ 35፣ ለእግርና ለመዳፍ 30፣ ለጸጉር 5፣ ለጅራት 5። ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጆሮ ብቻውን 10 ሲያገኝ የራስ ቅል፣ ዓይን፣ እንዲሁም አፍና አፍንጫ ያሉበት የፊት ክፍል እያንዳንዳቸው 5 ያገኛሉ፤ አንገት 5፣ ደረትና ትከሻ 15፣ ጀርባ፣ ወገብና ጎድን በአንድነት 15፤ የፊት እግሮች 10፣ የኋላው ክፍል 10፣ መዳፍ 10። ለኮምፒዩተር ዳኛ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

የገረመኝ ከዝርዝሩ የጎደለው ነው። የጸጉሩ 5 ነጥብ ለጸጉሩ ዓይነት እንጂ ለቀለሙ አይደለም። ስለ ቀለም መስፈርቱ የሚለው ማንኛውም የአዳኝ ውሻ ቀለም ይፈቀዳል ብቻ ነው። በኮምፒዩተር ጨዋታ ውሻ የሚያራባ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያሳድደው ቀለምን ነው። ጨዋታውን የሚሞክርልኝ ታናሽ ወንድሜ ገና በመጀመሪያው ቀን ፈዛዛ ቢጫና ነጭ የሆነ ቡችላ ለማግኘት ብዙ ትውልድ ደክሞ፣ ውሻው ዝቅተኛ ነጥብ ሲያገኝ ጊዜ «እትዬ፣ ይኼ ዳኛ ዓይን የለውም እንዴ?» አለኝ። ዓይን አለው፤ የሚያየው ግን ሌላ ነገር ነው። ቀለም ነጥብ እንዳይኖረው መስፈርቱ ባለው መሠረት አጽንቼዋለሁ።

መስከረም 25

ቁመት። በአሜሪካው መስፈርት ቢግል ሁለት ምድብ አለው፤ ከ13 ኢንች የማይበልጠው አንደኛው፣ ከ13 በላይ ሆኖ ከ15 ኢንች የማያልፈው ሁለተኛው። ከ15 ኢንች፣ ማለትም ከ38 ሴንቲሜትር ጥቂት ካለፈ፣ ውሻው ከውድድር ይሰረዛል። የብሪታንያው ኬነል ክለብ ደግሞ ከ33 እስከ 40 ሴንቲሜትር ያለውን ተፈላጊ ቁመት ይለዋል። ስለዚህ 39 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ውሻ በርሚንግሃም ላይ ያለ ምንም ችግር ሲቀርብ ኒው ዮርክ ላይ ሜዳ አይገባም። ውሻው ያው ነው።

ቁመት በነጥብ ድልድሉ ውስጥ የለም፤ እኔም አልጨመርኩትም። ነጥብ መቁጠር ከመጀመሩ በፊት የሚታለፍ በር አድርጌዋለሁ፤ ልኩን ያለፈ ውሻ ነጥብ ተቀንሶበት ሳይሆን ሳይዳኝ ይመለሳል። የትኛው አገር ሕግ እንደሚሠራ ተጫዋቹ ጨዋታውን ሲጀምር ይመርጣል።

ሁለቱ ምድቦች በአንድ የነጥብ ድልድል ስለሚዳኙ ሌላ ነገር አስከተለ። ጆሮን በሴንቲሜትር ብለካው ትንሹ ምድብ ሁልጊዜ ይበደላል። መስፈርቱ ራሱ መፍትሔውን ይዟል፤ ጆሮው ወደ ፊት ሲሳብ እስከ አፍንጫው ጫፍ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ወይም የደረሰ ይሁን ይላል። ይህ የርዝመት ሳይሆን የንጽጽር መለኪያ ነው። በመሆኑም የአካል ክፍሎቹን ሁሉ ከውሻው ከራሱ መጠን ጋር በማነጻጸር እንዲለኩ አደረግኋቸው።

መስከረም 29

ዛሬ ነጥብ አሰጣጡን ጻፍኩ። በጨዋታው እያንዳንዱን የአካል ክፍል አሥር ጥንድ ጂኖች ይወስኑታል፤ እያንዳንዱ ቅጂ 0 ወይም 1 ስለሆነ ድምሩ ከ0 እስከ 20 ይደርሳል። ለጆሮ 0 እጅግ አጭር፣ 20 እጅግ ረጅም፣ 10 ደግሞ መስፈርቱ የሚፈልገው ነው። ብዙ ጨዋታዎች ውስጥ ትልቅ ቁጥር ማለት የተሻለ ውሻ ማለት ነው፤ ተጫዋቹም ቁጥሩን ወደ ላይ ሲገፋ ይኖራል። እውነተኛ መስፈርት ግን መሃል ላይ ያለን ነገር ነው የሚፈልገው፤ ደረት ይስፋ፣ ግን አይብዛ፤ ጅራት መጠነኛ ከፍታ ላይ ይብቀል፣ ይነሣ፣ ግን ወደ ጀርባ አይጠቅለል። ስለዚህ የሚለካው ከ10 ያለው ርቀት ነው፤ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች።

ርቀቱን በቀጥታ ልቀንስ ወይስ በራሱ አባዝቼ የሚለውን በሁለት ምናባዊ ውሾች ፈተንኩት። ሁለቱም የተለኩት እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ባላቸው አምስት የአካል ክፍሎች ሲሆን፣ ከመሃሉ በ5 የራቀ ክፍል ነጥቡን ሙሉ በሙሉ ያጣል። የመጀመሪያው ውሻ አምስቱም ክፍሎቹ በ1 ብቻ ይርቃሉ፤ የሁለተኛው አራቱ ፍጹም ሆነው አምስተኛው በ5 ይርቃል። በቀጥታ ሲቀነስ ሁለቱም እኩል 10 ነጥብ ያጣሉ። ርቀቱ በራሱ ሲባዛ ግን የመጀመሪያው 2 ነጥብ ብቻ ሲያጣ ሁለተኛው አሁንም 10 ያጣል። እኔ የሁለተኛውን ስሌት መርጫለሁ፤ ምክንያቱም ሜዳ ላይ ዓይን የሚይዘው ጎልቶ የወጣ ጉድለት ነው፣ ጥቃቅኑ በአንድነት ሲታይ ይዋጣል። ይህ ምርጫ የእኔ እንጂ የመስፈርቱ አለመሆኑን ግን ማስታወስ ይገባል።

ጥቅምት 3

የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ዛሬ የወጣ ይመስለኛል።

ጆሯቸው 7 እና 13 የሆኑ ሁለት ውሾች ከ10 በእኩል ርቀት ላይ ስለሆኑ ሁለቱም ለጆሮ 6.4 ነጥብ ያገኛሉ። የውጤት ሰሌዳው ላይ አንድ ናቸው። ለአራቢው ግን አንድ አይደሉም፤ 7ን ከ13 ጋር ያጣመረ ሰው በአማካይ ጆሯቸው 10 የሆነ ቡችሎች ያገኛል፣ 7ን ከ7 ጋር ያጣመረ ደግሞ እንደገና በአማካይ 7 ያገኛል። ውጤቱን ብቻ አይቶ የሚያጣምር ተጫዋች ሁለቱን ጥንዶች መለየት አይችልም። ዳኛዬ ጉድለት መኖሩን ይናገራል፣ ጉድለቱ ወዴት እንደሆነ ግን ይደብቃል።

በአውሮፓ በሚደረጉት የዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን፣ የኤፍ.ሲ.አይ.፣ ውድድሮች ዳኛው ለእያንዳንዱ ውሻ ደረጃ ከመስጠቱ ሌላ አጭር የጽሑፍ ግምገማ ያስጽፋል። ይህን ልማድ ከዚህ በፊት እንደ ወግ ብቻ ነበር የማየው። አሁን ግን ለአራቢው ከዋንጫው ይልቅ የሚጠቅመው እሱ መሆኑ ግልጽ ሆነልኝ። ስለዚህ ዳኛዬም እንዲጽፍ አደረግሁ። ለእያንዳንዱ የአካል ክፍል ሁለት ዓይነት ዐረፍተ ነገር፣ ለመጉደሉና ለመብዛቱ፣ እንደ ርቀቱም ለዘብ ያለና ጠንከር ያለ አነጋገር አዘጋጀሁ። የዛሬው ናሙና ይህን ይመስላል፦ «ሚዛናዊ ሴት። ጭንቅላቷ ያማረ፣ ጆሮዋ ጥቂት ያጥራል። ደረቷ ጥልቅ ነው። ትከሻዋ ቀጥ ያለ በመሆኑ የፊት እርምጃዋ ያጥራል። መዳፏ የተሰበሰበና ጠንካራ ነው።»

ወንድሜ ይህን ካነበበ በኋላ ነጥቡን ማየት ትቶ ግምገማውን ብቻ እያነበበ ማጣመር ጀመረ። እኔም የጠቅላላ ነጥቡን ቁጥር ከተጫዋቹ ዓይን ደበቅሁት፤ ውስጥ ለውስጥ ይሠራል፣ ለተጫዋቹ የሚታየው ግን ደረጃውና ጽሑፉ ነው። ደረጃዎቹን ከኤፍ.ሲ.አይ. አሠራር ወሰድኩ፤ እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩና በቂ። የእያንዳንዱ ደረጃ መነሻ ነጥብ 90፣ 80፣ 70 እና 60 እንዲሆን የወሰንኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 6

የጥቅምት 3ቱን ሐሳብ እስከ ጫፉ ለመግፋት ሆን ብዬ ጆሮዋ 0 የሆነ ሴትና ጆሮው 20 የሆነ ወንድ ፈጥሬ አጣመርኩ። ቡችሎቹ ያለ አንዳች ልዩነት ሁሉም 10 ሆኑ፤ ከእናታቸው አሥር ዜሮ፣ ከአባታቸው አሥር አንድ ስለወሰዱ ሌላ ሊሆኑ አይችሉም። ዳኛው ሁሉንም በጆሮ ሙሉ ነጥብ ሰጣቸው። እነዚህን እርስ በርስ ሳጣምር ግን የልጅ ልጆቹ ተበተኑ። ስሌቱ እንደሚያሳየው ከእነሱ ልክ 10 የሚሆኑት 17.6 በመቶ ብቻ ናቸው፤ በ9 እና በ11 መካከል የሚገኙት ግማሽ ያህል ናቸው። ዳኛው ፍጹም ያለው ውሻ ፍጹም ነገር ያወርሳል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። ጥያቄው ይህን የዳኛው ጉዳይ ላድርገው ወይ የሚለው ነበር። አላደርገውም። ዳኛ የቆመለትን ውሻ ይፈርዳል፤ ያላየውን ጂን ሊፈርድ አይችልም። የወላጅነት ዋጋ በሌላ መዝገብ፣ በቡችሎቹ ውጤት አማካይ፣ ለብቻው ይቀመጣል።

ጥቅምት 8

የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ተጽዕኖ ተጨመረ። ከሚታየው ልዩነት 40 በመቶው ብቻ ከጂን እንዲመጣ አድርጌያለሁ። የመንጋው አማካይ 7 ሆኖ ሳለ 10 የሚመስሉ ሁለት ወላጆች ቢጣመሩ፣ የቡችሎቻቸው አማካይ 10 ሳይሆን 8.2 ይሆናል ማለት ነው። ወንድሜ «ሻምፒዮኖቹ መካን ሆኑብኝ» ቢልም አልቀየርኩትም።

ጥቅምት 12

እስካሁን ዳኛው የማይሳሳት ነበር፤ ይህ ደግሞ ውድድሩን ሕይወት አሳጣው። በእያንዳንዱ ፍርድ ላይ 3 ነጥብ የሚያህል የዘፈቀደ መዛባት ጨመርኩ። ውጤቱን በስሌት ሳየው፣ እውነተኛ ዋጋቸው 90 እና 88 የሆኑ ሁለት ውሾች በአንድ ዳኛ ፊት ቢቀርቡ የተሻለው የሚያሸንፈው ከመቶ 68 ጊዜ ያህል ነው። ሦስት ዳኞች ለየብቻ ፈርደው አማካዩ ቢወሰድ ወደ 79 ያድጋል።

ነገር ግን የዳኛ ስሕተት ሁሉ ዘፈቀደ አይደለም። አንዱ ጭንቅላት ይወዳል፣ ሌላው ከምንም በላይ እርምጃን ያያል። ይህ ዝንባሌ ውሻው ወደ ያው ዳኛ መቶ ጊዜ ቢመለስ አይጠፋም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዳኛ ከድልድሉ ጥቂት ፈቀቅ ያለ የራሱን ሚዛን ሰጠሁት። ተጫዋቹ የሚወደውን ዳኛ አግኝቶ እሱ ጋር ብቻ እንዳይመላለስ ምን ይደረግ ብዬ ሳስብ፣ የሻምፒዮንነት ሕጎቹ ይህን ቀዳዳ አስቀድመው መድፈናቸውን አየሁ። በብሪታንያ አንድ ውሻ ሻምፒዮን የሚሆነው ከሦስት የተለያዩ ዳኞች ሦስት ከፍተኛ የምስክር ወረቀት ሲያገኝ ነው። በአሜሪካ 15 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ነጥቡ የሚሰጠው በተሸነፉት ውሾች ብዛት ሲሆን በአንድ ውድድር ከ5 አይበልጥም፣ ከመካከላቸውም ሁለቱ ድሎች 3 እና ከዚያ በላይ ነጥብ ያላቸውና በተለያዩ ዳኞች የተሰጡ መሆን አለባቸው። የብሪታንያውን ወሰድኩ፤ ለመጻፍም ለማስረዳትም ይቀላል።

የአሜሪካው አሠራር ሌላም ባሕርይ አለው፤ ለውሻው ደረጃ አይሰጥም፣ ያወዳድራል ብቻ። ደካማ ውሾች ብቻ በቀረቡበት ቀን ደካማ ውሻ ያሸንፋል። በጨዋታዬ አንደኛ የወጣ ውሻ ቢያንስ «በጣም ጥሩ» ካልተባለ የምስክር ወረቀቱ እንዲከለከል ያደረግሁት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1877 ጀምሮ በሚካሄደው በታዋቂው የአሜሪካ የውሻ ውድድር፣ በዌስትሚንስተር፣ ቢግል የሁሉም ዝርያዎች የበላይ አሸናፊ የሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ኡኖ የተባለው የ15 ኢንች ምድብ ውሻ። እዚያ ደረጃ ላይ ውሾቹ እርስ በርስ ሳይሆን እያንዳንዱ ከራሱ ዝርያ መስፈርት አንጻር ይመዘናል፤ የእኔ ጨዋታ አንድ ዝርያ ብቻ ስላላት ከዚህ ራስ ምታት ድናለች።

ጥቅምት 17

ዳኛው የማያየው ነገር። በቢግል ውስጥ መስላዲን ሉክ የሚባል በሽታ አለ፤ ቆዳን ያጠብቃል፣ መገጣጠሚያን ያደርቃል፣ ውሻውም በጣቶቹ ጫፍ እንደሚራመድ ያደርገዋል። ድብቅ ጂን ስለሆነ የሚታመመው ከሁለቱም ወላጆቹ የተበላሸውን ቅጂ የወረሰ ብቻ ነው፤ አንድ ቅጂ የያዘው ውሻ ጤነኛ ነው፣ መስሎም ይታያል፣ ሻምፒዮንም ሊሆን ይችላል። ይህን በጨዋታው ውስጥ ሳስገባ ችግሩ ወዲያው ታየ፤ ሁሉም ሰው ሴቶቹን ወደ አንድ ሻምፒዮን ይልካል፣ ያ ሻምፒዮን ተሸካሚ ከሆነ ከቡችሎቹ ግማሹ ተሸካሚ ይሆናሉ፣ ከተለያዩ ጤነኛ እናቶች የተወለዱት ልጆቹ እርስ በርስ ሲጣመሩ ደግሞ ከ16 ቡችሎች አንዱ በአማካይ ታማሚ ይሆናል።

የዝምድና መጠንን ዳኛው እንዲቀጣ የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ ቀመሩ የጄኔቲክስ ሊቁ ሲወል ራይት እ.ኤ.አ. በ1922 ያስተዋወቀው ስለሆነ ለማስላት አያስቸግርም። እኅትና ወንድም ተጣምረው የወለዱት ቡችላ 25 በመቶ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙት ልጅ 12.5 በመቶ ይሆናል። ነገር ግን ሜዳ ላይ የቆመ ዳኛ የዘር ሐረግ ወረቀት አይሰጠውም። የብሪታንያው ኬነል ክለብ እ.ኤ.አ. በ2009 ጉዳዩን የዘጋው በዳኛ ሳይሆን በመዝገብ ቤት ነው፤ ከወላጅና ከልጅ ወይም ከእኅትና ከወንድም የተወለዱ ቡችሎችን መመዝገብ አቆመ። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ያልተመዘገበ ቡችላ አይወዳደርም፤ ዳኛው ስለ ዘመድ መጠየቅ አያስፈልገውም። የመስላዲን ሉክ ምርመራም ተጫዋቹ ከፍሎ የሚያስደርገው ሆኖ ውጤቱ በውሻው መዝገብ ላይ ይጻፋል።

ጥቅምት 23

የቀረው የመንጋ ውድድር ነው። ቢግል ጥንቸል የሚያድነው በመንጋ በመሆኑ የአሜሪካው መስፈርት ለመንጋ የተለየ ድልድል አለው፤ ለመንጋው እኩልነት 40፣ ለእያንዳንዱ ውሻ ብቃት 30፣ ለጠባይ 20፣ ለአዳኞቹ አለባበስና ቁሳቁስ 10። የመጨረሻውን አስወጣሁ፤ በጨዋታዬ ልብስ የሚለብስ ሰው የለም። እኩልነት ከብቃት መብለጡ ሁሉን ነገር ይቀይራል። አማካይ ብቃታቸው 88 ከመቶ ሆኖ እኩልነታቸው 60 የሆነ ውሾች ከሁለቱ መመዘኛዎች 50.4 ነጥብ ያገኛሉ፤ አማካያቸው 84 ሆኖ እኩልነታቸው 90 የሆነ ግን 61.2።

ወንድሜ ድልድሉን ካነበበ በኋላ የጥቅምት 6ቱን ሙከራ አስታውሶ፣ በሁሉም አካላቸው ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ውሾችን አጣምሮ ምንም የማይለያዩ ቡችሎችን ይዞ ቀረበ፤ የመንጋውንም ዋንጫ ያለ ተቀናቃኝ ወሰደ። ሕጉን አልጣሰም። ነገር ግን ያ መንጋ በሚቀጥለው ትውልድ እንደሚበተን ስለማውቅ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለመንጋ ውድድር የሚቀርቡት ውሾች ቢያንስ ከሁለት ተከታታይ ትውልድ የተውጣጡ፣ ማለትም ወላጅና ልጅ በአንድነት የቆሙበት መንጋ መሆን አለባቸው የሚል ደንብ ጨምሬያለሁ። ተቃራኒ ወላጆቹ ከቡችሎቻቸው ጋር ከቆሙ እኩልነቱ ወዲያው ይፈርሳል፤ ቡችሎቹ ከራሳቸው ልጆች ጋር ከቆሙም መበተኑ እዚያው ሜዳ ላይ ይታያል። ወንድሜ አሁን በአራተኛው ትውልድ ላይ ነው፤ የዳኛው የመጨረሻ ግምገማ «መንጋው በቁመት የተስተካከለ ነው፤ ሁለቱ ወጣት ወንዶች ጆሯቸው ከእናታቸው ይረዝማል» ይላል።